ድንጋይ የሆነ እንጨት፣ ቅጠል ያለበት ድንጋይና ዛጎል ቤት ውስጥ እንዴት ይጸዳል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀማው። ምክር ፈልጌ ነው።

ቤት ውስጥ ሦስት ድንጋዮች አሉኝ። አንደኛው ድንጋይ የሆነ እንጨት ነው። ደላንታ ያለው አጎቴ ነው የሰጠኝ። የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግን በየስንጥቁ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ሁለተኛው ከውጫሌ ወዲያ መንገድ ከተቆረጠበት ገደል የተናደ ግራጫ የጭቃ ድንጋይ ነው። ቅጠል አለበት። ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛውን የአክስቴ ልጅ ከደጀን በታች፣ ከዓባይ በረሃ ነው ያመጣልኝ። ዛጎል በዛጎል የሆነ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው።

ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ እንዲህ ያለውን ድንጋይ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዝፍና በማግስቱ ዛጎሉን ነጥሎ ያወጣዋል። ሌላው በሽቦ ብሩሽ ይፈትገዋል። አቼቶም ሽቦ ብሩሽም ቤት አለ። ልጀምር ወይስ ቆይ ትሉኛላችሁ? የምሸጠው አይደለም። መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው ነው።

አይጠየፍ ሰፈር (ደሴ)

ሳይጀምር የጠየቀ ሰው! ተቀመጥ፣ ቡና ይፈላልህ።

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ቆይ እንልሃለን። አቼቶውን ለሰላጣ፣ ሽቦ ብሩሹን ለበር ዝገት ተወው።

እኔ አፋር ውስጥ ቁፋሮ ላይ በረዳትነት ሠርቻለሁ። የተገኘውን ማጽዳት ነበር ሥራዬ። ቅሪተ አካል ስንት ሚሊዮን ዓመት መሬት ውስጥ ደህና ቆይቶ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚሰብረውም ችኮላ ነው።

መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለው ነገር ከምን እንደተሠራ እወቅ። ሦስቱንም በአንድ ሳፋ ብታጥባቸው ቢያንስ ሁለቱን ታጣቸዋለህ።

የዓባይ በረሃው የኖራ ድንጋይ ነው። በዚያ ገደል ያለው የኖራ ድንጋይ ዳይኖሰሮች ከነበሩበት፣ ከጁራሲክ ዘመን ነው፤ ያኔ አገሩ ባሕር ነበር። ዛጎሉም ኖራ፣ ድንጋዩም ኖራ። አሲድ ሁለቱን አይለይም። አቼቶ ውስጥ ብትዘፈዝፈው መጀመሪያ የሚጠፋው በዛጎሉ ላይ ያለው ስስ መስመር ነው፤ አንተ ልታየው የፈለግከው እሱን ነው። የዩቲዩቡ ሰውዬ አልዋሸህም። እሱ የያዘው ዛጎል ወደ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ ውስጥ ወዳለው ጠንካራ ማዕድን፣ የተለወጠ መሆን አለበት። እንደዚያ ያለውን አቼቶ አይነካውም፤ የሚሟሟው ዙሪያውን ያለው ኖራ ብቻ ነው። ያንተ እንደዚያ መሆኑን ማን ነገረህ?

ፈተናው ቀላል ነው። ዛጎል ከሌለበት፣ ከጀርባው በኩል አንድ ጠብታ ሎሚ ጠብ አድርግበት። ከፈላ ኖራ ነው። ከዚያ ቶሎ በንጹሕ ውሃ አጥበህ በጨርቅ አድርቀው። ሦስቱንም ሞክርና ንገረን።

የጦሳ ልጅ

ሞከርኩት። ነጩ ድንጋይ ላይ ሎሚው ቡልቅ ቡልቅ አለ። እንጨቱ ዝም። ቅጠሉ ያለበትም ዝም፤ ግን ጠብታውን ወዲያው ጠጣው። የነካውም ቦታ ትንሽ ለስልሷል።

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ነው ዋናው። ቅጠል ያለበትን ድንጋይ ከእንግዲህ ውሃ እንዳታስነካው። ሸክላነት አለው። ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ከዚያ እንደ ተደራረበ ቂጣ ይላላጣል። ቅጠሉም ከሽፋኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ስለ እሱ ማታ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ኦፓል ሰባሪ (ደሴ)

ስለ እንጨቱ እኔ ልናገር፤ የእንጀራዬ ነገር ነው።

ከደላንታ ከመጣ በደንብ እየው። በወገል ጤና በኩል ኦፓሉ፣ ያ ቀለሙ የሚጫወተው የከበረ ድንጋይ፣ የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራው ድንጋይ መካከል ካለ አንድ ንብርብር ነው። እዚያው ድንጋይ የሆነ እንጨትም ይገኛል። አንዳንዱ እንጨት ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ድንጋይ ሆኗል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኦፓል ሆኗል። ሁለቱ አንድ ዓይነት አያያዝ የላቸውም። ጠንካራውን የብረት ቢላ አይጭረውም። ኦፓሉ ግን ለስለስ ይላል፤ ሲመታም ይሰነጠቃል።

የእኛ አገር ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ብታስቀምጠው ቀለሙ ይጠፋና ብርጭቆ ይመስላል። ያላወቀ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ችግሩ ከውሃው ጋር የሚገባው ነው። የሳሙና ውሃ፣ ዘይት፣ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ ይገባበታል፤ የገባው ዘይት ደግሞ አይወጣም። አንዳንድ ነጋዴ እንዲያብለጨልጭ ዘይት ይቀባዋል። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ቢጫ ድንጋይ ይዟል።

እንዴት ትለየዋለህ? ደረቁን ምላስህ ጫፍ ላይ አስነካው። ያዝ ካደረገህ ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ነው። አቧራውን አራግፈህ ነው የምትልሰው እንጂ እንዲሁ አይደለም።

ፀሐይ ላይ አታድርቀው። ፎን፣ ምድጃ፣ ምጣድ አጠገብ አታስጠጋው። በድንገት የደረቀ ኦፓል ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ማንም አይመልሰውም።

አይጠየፍ ሰፈር

ዛሬ ደሴ ላይ ድንጋይ የማይልስ ሰው አይቀርም።

የጦሳ ልጅ

ላስኩት። አይዝም። ቢላም አልጫረውም፤ እንዲያውም ቢላው ነው ነጭ መስመር የተወበት። ስለዚህ ጠንካራው ዓይነት ነው ማለት ነው?

ኦፓል ሰባሪ

አዎ ወንድሜ። እሱን ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ትችላለህ። የጥርስ ሳሙና አታድርግ። ስንጥቁ ውስጥ የገባውን አመድ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አውጣው፤ ብረት አያስፈልግም። እንጨቱ ራሱ ስንጥቅ ካለው ግን ረጅም ሰዓት አትዘፍዝፈው። ነጩ ነገር አልወጣ ካለ ተወው። ያለበትን ቦታ የሚናገር ነገር ነው፤ እኔን ብትጠይቀኝ ያምርበታል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ኧረ ሰዎች ምን ታካብዳላችሁ። የመኪና ባትሪ አሲድ በውሃ አቅጥናችሁ ላፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ቫርኒሽ ሁለት እጅ መቀባት። እኔ ያየኋቸው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠሩት፤ መስታወት መስሎ ይሸጣል።

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ሰኞ ገበያ፣ ወንድምዓለም፣ አንድ በአንድ እንሂድ።

የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ላዩን ወደ ጀሶ ይለውጠዋል። ያው ግድግዳ የምንለስንበት ጀሶ። ዛጎልህ ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፤ ከሥር ያለው ዝርዝርም ይጠፋል። ያውም ዓይንህንና ሳንባህን ሳንቆጥር። ውሃና አሲድ ሲቀላቀል እንዴት እንደሚረጭ ያየ ሰው ቤት ውስጥ ልጆች ባሉበት አይሞክረውም። በረኪናም ያው ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት በመጣና በሄደ ቁጥር እየጠጠረ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

ቫርኒሽ ደግሞ ቆሻሻውን ከሥሩ ይቆልፍበታል። እያደር ቢጫ ይሆናል። ነገ አንድ አዋቂ ሰው ላየው ቢል ቫርኒሹን ለማንሳት ሲል ድንጋዩን ያነሳዋል። እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ የቀባኸውን ነገ መልሰህ ማንሳት ካልቻልክ አትቀባ።

ሙዚየሞች የሚጠቀሙት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ፍሬ ፍሬ የሆነ ፕላስቲክ ነገር ነው። አሴቶን ውስጥ ይሟሟል። ለማጠንከሪያ ሲሆን በጣም ቀጭን ይደረጋል፤ መቶ ሚሊ ሊትር አሴቶን ውስጥ አምስት ግራም ያህል። ለማጣበቂያ ሲሆን ማር እስኪመስል ይወፍራል። ጥሩነቱ ከዓመታት በኋላም አሴቶን ሲነካው ተመልሶ መሟሟቱ ነው፤ ቀለሙም አይለወጥም። ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ አላየሁትም። ስለሌለ ግን ሌላ ነገር መቀባት ግዴታ አይደለም። የጠነከረ ድንጋይ ምንም አይፈልግም። ደርቆ መቀመጥ ይበቃዋል።

አሴቶን የያዘ ሰው ካለ ደግሞ፣ ከሰል የተያያዘበትና ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አትክፈቱት። እንፋሎቱ ከሩቅ እሳት ይስባል።

ሰኞ ገበያ

እሺ አሲዱን ተውኩት። ቫርኒሹ ላይ ግን አልተስማማሁም። ገዢ የሚፈልገው የሚያበራ ነው።

መምህር ዘሆጤ (ደሴ)

ልጆቼ፣ የገዢ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ላንሳ።

ይህ ዕቃ እንደ ድንች የሚነገድ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በዚያ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር አይችልም። መንገድ ሲቆረጥ፣ ቤት ሲሠራ፣ ማዕድን ሲወጣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ደግሞ ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ድንጋይ የሆነ እንጨት መደርደሪያህ ላይ ቢኖር ፖሊስ ይመጣብሃል እያልኩ አላስፈራራህም። ግን ወረዳህ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደህ አሳያቸው፣ አስመዝግበው። አጎትህንም ከእንግዲህ ሲያገኝ እንዳያነሳው ንገረው።

ሁለተኛው ነገር ከማጽዳት ይቀድማል፤ ማንም እስካሁን አላነሳውም። ድንጋዩ ከየት መጣ? "ከውጫሌ ወዲያ" አይበቃም። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከመንገዱ ግራ ወይስ ቀኝ፣ ከገደሉ አናት ወይስ ግርጌ፣ ከሥሩ ከሰል መሳይ ጥቁር ንብርብር አለ ወይስ የለም? ውጫሌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል ንብርብር እንዳለ ይታወቃል። ጥቁር ድንጋያችን፣ ጦሳም ጭምር፣ በአብዛኛው የዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። በአንዱ ፍሳሽና በሌላው መካከል ሐይቅና ረግረግ የነበረበት ጊዜ አለ። ቅጠሉ የወደቀው እዚያ ረግረግ ውስጥ ነው። ጭልጋ ከጎንደር ወዲያ፣ ሙሽ ሸለቆ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንደዚህ ያሉ ቅጠሎች ተጠንተዋል። የጭልጋው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የሙሽ 22 ሚሊዮን ገደማ ይሆነዋል። ጭልጋ ላይ ከቅጠሉ ሌላ የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንትም ተገኝቷል። ያንተ ቅጠል ቦታው ካልታወቀ ግን ያማረ ድንጋይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከማጽዳትህ በፊት ሦስቱንም ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሣቸው። ማስመሪያ አጠገባቸው አድርግ። የምታውቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍ፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲያገኘው ይፈስሳል።

የጦሳ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። አጎቴን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ቦታውን በደንብ ነገረኝ። የቅጠሉን ቦታ እኔ ራሴ ስለማውቀው ጽፌዋለሁ። ከገደሉ ግርጌ ነው፤ ከላዩ ጥቁር ንብርብር አለ።

ወስፌ፣ አንቺን ነው የምጠብቀው። ቅጠሉን ማውጣት ይቻላል አይቻልም?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ይቻላል። ማድረግ አለብህ ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። አሠራሩን ልንገርህ፣ ራስህ ወስን።

መጀመሪያ ይድረቅ። ቀስ ብሎ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፌስታል ውስጥ አድርገው፣ ፌስታሉን እዚህም እዚያም ብሳው፣ አልጋ ሥር አስቀምጠው። የደሴ ብርድና ጉም እዚህ ይጠቅምሃል፤ ኮምቦልቻ ላይ በሙቀቱ ቶሎ ይደርቅና ይፈነዳል። ሳምንታት ይፈጅ፣ አትክፈተው አትዝጋው።

ሲደርቅ ወደ ሥራ። ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልተህ አፉን ስፋው። ድንጋዩን እሱ ላይ አስተኛው፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ስትነካው ከሥር ይሰነጠቃል። መብራትህን ከጎን አምጣው፣ ከላይ አይደለም። ከጎን የመጣ ብርሃን የቅጠሉን ጠርዝ ጥላ ያሳይሃል። አጉሊ መነጽር ካለህ ጥሩ፤ ከሌለ የስልክህ ካሜራ ይሠራል።

መሣሪያ? ስሜን አይተሃል። የስፌት ወስፌ ነው። የእናትህን አትንካባት፣ ሌላ ግዛ። ጫፉን በጣም አታሹለው። በጣም የሾለ ይወጋል፣ ትንሽ የደነዘዘ ይገፋል። አንተ የምትፈልገው የሚገፋውን ነው። መርፌ እርሳስ ጫፍ ላይ በክር ብታስር ለጠባብ ቦታ ይሆናል። የጥርስ ሐኪም የጣለው መሣሪያ ካገኘህ ቀቅለህ ተጠቀምበት።

ሁልጊዜ ከቅጠሉ ወደ ውጭ ግፋ፣ ወደ ቅጠሉ በፍጹም። ቅጠሉን አትንካው፤ የምትነካው ከላዩ ያለውን ድንጋይ ነው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቅንጣት በአንዴ። ሽፋኑ ራሱ መለየት ከፈለገ ታውቀዋለህ፣ ድምፁ ይለወጣል። እንቢ ካለ ወደ ሌላ ጠርዝ ሂድ።

ፍርፋሪውን በአፍህ እፍ አትበል፤ ምራቅ ይሄዳል፣ አቧራውም ወደ ዓይንህ ይመለሳል። የመኳኳያ ብሩሽ፣ አዲስና ለስላሳ፣ ከቅጠሉ ወደ ውጭ። ቅጠሉ ጥቁር ሆኖ ስስ ሽፋን ካለው እሱ ከሰል የሆነው የቅጠሉ አካል ነው። ብሩሽ ራሱ ያነሳዋል። እዚያ ላይ ብሩሽም አታሳርፍ።

ድንጋዩ ለሁለት ቢከፈት አትደንግጥ። በአንዱ በኩል ቅጠሉ፣ በሌላው በኩል የቅጠሉ ማኅተም ይኖራል። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጥ። አንዱን ለጓደኛ የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለቱም ግማሽ ሆኑ።

ማስክ አድርግ። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ግራይንደር የሚያነሳ ሰው ካለ እዚህ ክር ላይ እንዳላየው።

አይጠየፍ ሰፈር

የአሸዋ ካልሲ ልሰፋ ነው። ድንጋይ ግን የለኝም።

የጦሳ ልጅ

እንደዚህ ሲሠራ አንድ ቅጠል ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ቅጠል ምሽቶች ይፈጃል። ከዚያ የባሰ አለ። ሰላምን ታውቃታለህ፣ የጥንት የሰው ዘመድ የሆነችውን የዲኪካዋን ሕፃን። ከእኛ ብዙ አትርቅም፤ በባቲ አልፈህ ወደ ሚሌ የሚወስደው አገር ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እና ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2000 አገኟት። አጥንቷ እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ነበር። በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን በቅንጣት በቅንጣት እያነሡ ለዓለም ያሳወቋት በ2006 ነው። ያኔም ሥራው ሙሉ በሙሉ አላለቀም ነበር። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን የምላስ አጥንት ሳይቀር የተገኘው አንዲት ቅንጣት ለማንሳት ባለመቸኮል ነው።

የሌላዋ የጥንት የሰው ዘመድ፣ የአርዲ፣ አጥንት ደግሞ አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲገኝ ስትነካው የሚፈርስ ነበር። ከነአፈሩ በጀሶ ጠቅልለው ነው ወደ አዲስ አበባ የወሰዱት። ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። እነሱ አሥራ አምስት ዓመት ከታገሡ አንተ አንድ ክረምት አትችልም?

ሰኞ ገበያ

እሺ፣ አንድ የምር ጥያቄ። ድንጋይ የሆነ እንጨት ለሁለት ቢሰበርስ? ሱፐር ግሉ ይሆናል? ማስቲሽስ?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

አሁን ተግባባን። ማስቲሽ ለጫማ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይጠቁራል፣ መጋጠሚያው አይገጥምም። ሱፐር ግሉ ለጠንካራ ድንጋይ፣ ለትንሽ ስብራት ብዙ ሰው ይጠቀማል። ይይዛል። ግን አንዴ ከተጋጠመ ለማላቀቅ ከባድ ነው፤ ካጣመምከው ተጣመመ። መጀመሪያ ያለ ሙጫ ገጥመው፣ መስመሩን በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ። ጠርዝ ድረስ አትቀባ፣ ተርፎ ይወጣል። አሸዋው ላይ ሰክተህ እስኪይዝ ተወው።

ነጭ ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባት የሚመክሩ አሉ። ለደረቅና ውሃ ለማይፈራ ነገር እሺ። ቅጠል ላለበት የጭቃ ድንጋይ ግን ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ጠላት ነው።

ለአጥንት ከእነዚህ አንዱንም አልመክርም። አጥንት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ቃሉ ማዶ (ኮምቦልቻ)

አጥንት ካላችሁ አይቀር ልጠይቅ። አስሰላሙ ዓለይኩም ለሁላችሁም።

ቦርከና ዳር አሸዋ የሚያወጡ ልጆች አሉ፣ ወንድሜም አብሯቸው ይሠራል። አንድ ትልቅ ጥርስ ይዞ መጣ። ከላም ጥርስ በጣም ይበልጣል፣ ላዩ ሞገድ ሞገድ ነው፣ ከበድ ይላል። ጭቃ አለበት። እናቴ በኦሞ ልጠበው ብላ ሳፋ ላይ አስቀምጣዋለች። ምን ልበላት?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ወዓለይኩም ሰላም። ሳፋውን አንሺው! ውሃ ውስጥ ገብቷል እንዴ?

ቃሉ ማዶ

አልገባም። ደረቅ ሳፋ ነው። እናቴ አሁን እየሳቀች ነው።

መምህር ዘሆጤ

አልሐምዱሊላህ። እናትሽን አመስግኚልኝ።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። ጥርሱን አታጥቡት፣ ጭቃውንም አትፋቁት። ጭቃው ምን ዘመን እንደሆነ ሊናገር ይችላል፣ ጥርሱንም ይዞት ይሆናል። በሶፍት ወይም በጥጥ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ፎይልም ይሆናል። ፌስታል ውስጥ አፍናችሁ አትቋጥሩት፤ ይሻግታል።

ከዚያ ወንድምሽ የወጣበትን ቦታ ያሳይ። ስልኩ ላይ ቦታውን ምልክት ያድርግ፣ ፎቶ ያንሣ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር ይጻፍ። ሌላ እንፈልግ ብለው እንዳይቆፍሩ። ከዚያ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ። ጥርሱን ይዞ ከመሄድ ይልቅ ባለሙያው ቦታው ድረስ ቢመጣ ይሻላል፤ የሚጠናው ቦታው ጭምር ነው።

የቅርብ ጊዜ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ሊሆንም አይችልም። ያን የሚወስነው ያጠና ሰው ነው፤ እኛ ከፎቶ አንወስንም።

ኦፓል ሰባሪ

መምህር ልክ ብለዋል። አንድ ልጨምር። ነገሩ ሰፈር ውስጥ ከተወራ ገዢ ነኝ የሚል ይመጣል። ዋጋ ሲጠራላችሁ ዝም በሉ። ኦፓል ላይ ያየሁት ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ከሁሉ በርካሽ ነው የሚገዛው። ይህ ደግሞ ሊሸጥም የማይገባ ነገር ነው።

ቃሉ ማዶ

ገባኝ። ወንድሜ ነገ ጠዋት ቢሮ ይሄዳል። እናቴም "ላም የሚያህል ጥርስ ቤቴ አያድርም" ብላ ነበር፣ አሁን ግን ካርቶኑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች።

የጦሳ ልጅ

የእኔን ልንገራችሁ። እንጨቱን አጠብኩት። ነጩ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹን ተውኩት። ኦፓል ሰባሪ እንዳለው ያምራል። ዛጎሉን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ አንድ ሁለት ቦታ በወስፌ አፈሩን አነሣሁ። ቅጠሉ ጋዜጣ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ከቅጠሉ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ቢጫ ዱቄት ጀምሯል። ሲሸት የክብሪት ሽታ አለው። ምንድን ነው?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

በደንብ ያየህ ልጅ ነህ። ከከሰል አጠገብ የወጣ ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ። አንዳንዴ ወርቅ መስሎ ያብረቀርቃል። አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አሲድ ያወጣል። ዱቄቱና ሽታው እሱ ነው። ዝም ካልከው ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል፣ የተቀመጠበትን ካርቶንና ወረቀትም ይበላል።

ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አራግፈው፣ ውጭ በረንዳ ላይ። ውሃ አይንካው። ከሌሎቹ ድንጋዮች ለይተህ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ትንሽ ከረጢት ታውቃታለህ? ነጭ ፍሬ ያለባት። እርጥበት ትመጥጣለች። የቻልከውን ያህል ሰብስብና አብረህ ጨምር፣ በየጊዜው ቀይራት። ጋዜጣውን ደርቋል ካልክ አውጣው፤ አሁን የምንፈልገው ደረቅ መሆኑን ነው። የደሴ ክረምት ለእንዲህ ያለ ድንጋይ ጥሩ አይደለም።

እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ፣ እኔ ብሆን ቅጠሉን አልገፋም። ጫፉ ይታያል፣ ቦታው ተጽፏል፣ ድንጋዩ ታሟል። አሁን በወስፌ ብትከፍተው አዲስ አየር ታገባበታለህ። ከነፎቶው የሚያጠና ሰው ዘንድ ቢደርስ ይሻላል። መምህር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለ?

መምህር ዘሆጤ

አጠያይቃለሁ። ደሴ ሙዚየምም ጎራ እላለሁ። በጦርነቱ ተዘርፎ ብዙ ነገር አጥቷል፤ ሰዎቹ ግን ማንን ማነጋገር እንዳለብን ይነግሩናል።

የጦሳ ልጅ

እንግዲያው አልገፋውም። ዕቃ ውስጥ አስገባዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ፤ ቁጥሩን ድንጋዩ ላይ በማርከር ልጻፍ?

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

በፍጹም፤ ማርከር ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ከድንጋዩ ጋር አስቀምጥ፣ ዕቃው ላይም ከውጭ ለጥፍ። ያው ቁጥር ደብተር ላይ ይኑር። በሁለት ቦታ ከተጻፈ አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ።

ቃሉ ማዶ

ወንድሜ ቢሮ ደርሶ ተመለሰ። ባለሙያ ቅዳሜ ይመጣል ብለዋቸዋል። በዚያ በኩል አሸዋ ማውጣት አቁመዋል። ግን ማታ ሊዘንብ ይመስላል፣ ጉድጓዱ ክፍት ነው።

ወስፌ (ኮምቦልቻ)

ጠርዙን በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ከላዩ ላስቲክ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጫኑበት። ጎርፍ የሚመጣበት በኩል ትንሽ ቦይ ይቅደዱ፣ ከጉድጓዱ ራቅ አድርገው። ሲሸፍኑ ግድግዳውን እንዳይረግጡት።